ስድቡ ለማን ጆሮ ነው?

አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አለሁ። የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ግሩፕ ነው፣ ሠላሳ ምናምን ሰው አለበት። ጠዋት ጠዋት አንድ ወንድም ጥቅስ ይለጥፋል። ከሥሩ «አሜን» ይደረደራል። ምርጫ ሲቃረብ ግን ያው ወንድም ከሰዓት በኋላ ሌላ ነገር መለጠፍ ጀመረ። የአንድ ፖለቲከኛ ፎቶ ነው፣ የአህያ ጆሮ ተቀጥሎበታል። ከፎቶው በታች ደግሞ ሰውዬውን የሚደግፉትን ሁሉ ጠቅልሎ የሚሰድብ አንድ መስመር። ጠዋት «አሜን» ያሉት ሰዎች አሁን በሳቅ ያለቅሳሉ።

እውነቱን ልናገርና እኔም ስቄያለሁ። ፎቶው ያስቃል።

ቆይቶ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ፖለቲከኛው ግሩፑ ውስጥ የለም። ስድቡን አያነበውም፣ አይገሠጽም፣ አይመለስም። ደጋፊዎቹም የሉም ብለን ነበር የምናስበው። ለካ ሁለት ነበሩ። ምንም ሳይሉ ግሩፑን ለቀው ወጡ፤ የወጡበትን ምክንያት ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው። ታዲያ ያ ስድብ ለማን ነበር የተጻፈው? ለእኛ ነው። እንድንስቅ፣ «ልክ ብለሃል» እንድንል፣ የእኛ ወገን መሆኑን እንድናይለት።

ስለ ክርስትናና ስለ ፖለቲካ ንግግር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ድምፅ ቃና ይሄዳል። ለስለስ በሉ፣ አትቆጡ፣ ተከባበሩ። ክፋት የለውም። ግን መጽሐፍ ቅዱስን ከዚህ ጥያቄ ጋር ይዤ ሳነበው ትልቁ ጉዳይ ቃና አልመሰለኝም። አቅጣጫ ነው። ቃሉ ፊቱን ወዴት አዙሯል? ለሚመለከተው ሰው ነው የሚነገረው ወይስ ስለ እሱ፣ እሱ በሌለበት፣ ለሚያጨበጭብ ሰው?

መጀመሪያ ግን የስልኩን ነገር እንጨርስ። ጥፋቱ ሁሉ የእኛ ብቻ አይደለምና።

ማህበራዊ ሚዲያ የሚሠራው ሰው እንዲቆይበት ነው። ሰውን ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ ደግሞ ንዴት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ስለ አከራካሪ የፖለቲካ ጉዳዮች የተጻፉ የትዊተር መልእክቶችን መርምሮ ነበር። ሥነ ምግባርንና ስሜትን አንድ ላይ የሚነካ አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር መልእክቱ የመጋራት ዕድሉ በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። (ከዚህ በኋላም ዓመቶቹ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ይብሳል። በአሜሪካ የፖለቲከኞችንና የሚዲያዎችን ፖስት አይቶ፣ ስለ ተቃራኒው ወገን የሚያወራ አንድ ቃል ሲጨመር የመጋራት ዕድሉ በ67 በመቶ ይጨምራል አለ። ልብ በሉ፤ ስለ ራስ ወገን ከማውራት ይልቅ ስለ «እነሱ» ማውራት ነው የሚያዋጣው። ፌስቡክም በ2017 የንዴቷን ቀይ ፊት ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ መቁጠር ጀምሮ እንደነበር በ2021 ከወጡት ሰነዶቹ ታውቋል። የትዊተርን የማጋሪያ ቁልፍ የሠራው ባለሙያ ከአሥር ዓመት በኋላ ሥራውን ሲያስበው፣ ለአራት ዓመት ሕፃን ጥይት የጎረሰ መሣሪያ እንደ መስጠት ነው ብሏል።

ስለዚህ በሌለ ሰው ላይ መሳደብ ዛሬ ደመወዝ አለው። የሚከፈለው በላይክ ነው። አማኝ ሰውም ከዚህ ደመወዝ ነፃ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዴ ይብስበታል፤ ስድቡን «እውነት መመስከር» የሚል ስም ሊያወጣለት ይችላል።

እዚህ ላይ ሁሌ የሚነሳ መልስ አለ። «ጌታም እኮ ተሳድቧል!» ይላሉ። «የእፉኝት ልጆች» አላለም? «ዕውሮች መሪዎች» አላለም? ሄሮድስን ቀበሮ አላለውም?

ብሏል። መልሱ ቀላል ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም፤ ወንጌል ውስጥ ያለው ኢየሱስ ሁልጊዜ በለሆሳስ የሚናገር ሰው አይደለም። ግን ማቴዎስ 23ን ከፍታችሁ ሰዋስዉን ብቻ ተመልከቱ። «ወዮላችሁ» ነው የሚለው። «ወዮላቸው» አይደለም። የሚናገረው በኢየሩሳሌም፣ በመቅደሱ፣ በገዛ ሕዝቡ መካከል ነው። የሚናገራቸው ሰዎች ሊያስገድሉት የሚችሉ ናቸው፤ ደግሞም በቀናት ውስጥ አስገደሉት። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ያለው ደግሞ ጭብጨባ አይደለም። «ኢየሩሳሌም፣ ኢየሩሳሌም» የሚል እንጉርጉሮ ነው፤ ጫጩቶቿን ከክንፏ በታች ልትሰበስብ ፈልጋ እንቢ እንደተባለች ዶሮ። ሄሮድስን ቀበሮ ያለው በሌለበት ነው፣ ልክ ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር ታስታውሳላችሁ? ሄዳችሁ ንገሩት ነው የሚለው። መልእክት ነው። አድራሻ አለው።

የእኛ የፖለቲካ ስድብ ግን አብዛኛው በሦስተኛ መደብ ነው። «እነሱ» ይላል። «እነሱ እኮ ድሮም…»

ነቢዩ አሞጽ ይህንን የሰው ጠባይ በደንብ ያውቅ ነበር። መጽሐፉ ሲጀምር የጎረቤት አገሮችን ኃጢአት አንድ በአንድ ይጠራል። ደማስቆ። ጋዛ። ጢሮስ። ኤዶም። አሞን። ሞዓብ። «ስለ ሦስት ኃጢአት ይልቁንም ስለ አራት» እያለ፣ እንደ መዝሙር አዝማች እየደጋገመ። የሚሰሙት እስራኤላውያን ምን ያህል ደስ እንዳላቸው መገመት አያቅትም። ዛሬ ቢሆን ሼር በሼር ይሆን ነበር። ቀጥሎ ይሁዳን ይጠራል፤ ክቡ ጠበበ። ከዚያ «እስራኤል» ይላል። ለስምንተኛው ደግሞ ከሰባቱ ለእያንዳንዳቸው ከሰጠው ይበልጥ ረጅም ቃል አለው፤ ጻድቁን በብር፣ ድሀውን በአንድ ጥንድ ጫማ ሸጣችሁት ይላቸዋል። ጭብጨባው እዚያ ላይ ይቆማል። ምዕራፍ 7 ላይ የቤቴል ካህን አሜስያስ ወደ አገርህ ሂድ፣ እዚያ ትንቢት ተናገር ብሎ ያባርረዋል።

ናታን ዳዊት ፊት የቆመውም እንደዚሁ ነው። ንጉሡ በሌለበት ለሕዝቡ ቢናገር ኖሮ ጀግና ይባል ነበር፤ ዳዊት ግን አይመለስም ነበር። የነቢያት ቁጣ የሚያስከፍለው ተናጋሪውን ነው። የእኛ ቁጣ ለተናጋሪው ይከፍላል። እኔ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የምለይበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ሳምራውያን ልውሰዳችሁ። ስለ ዘመናችን መከፋፈል ወንጌል ውስጥ ከዚህ የቀረበ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ።

አይሁድና ሳምራውያን አንድ ሥር ያላቸው፣ የሙሴን ሕግ የሚያነቡ፣ ግን የማይነካኩ ሕዝቦች ነበሩ። በዮሐንስ 8፥48 ከኢየሱስ ጋር የተከራከሩት ሰዎች ክርክሩ ሲያቅታቸው ምን እንዳሉት አስታውሱ። ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ አሉት። ሁለት ስድብ ናቸው። አንዱ በወገን፣ አንዱ በመንፈስ። እሱ ሲመልስ «እኔስ ጋኔን የለብኝም» ብሎ ቀጠለ። ስለ ሳምራዊነቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ይህ ዝምታ ይገርመኛል። «እኔ ሳምራዊ አይደለሁም» ማለት ይችል ነበር፤ እውነትም ነበር። ግን እንደዚያ ቢል ሳምራዊ መሆን ስድብ ነው ብሎ መስማማት ይሆንበታል። በሌሉበት ሳምራውያንን አሳልፎ መስጠት ማለት ነው። አላደረገውም። በእኛ ዘመን ሰው የሌላ ወገን ነህ ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ደረቱን እየደቃ «ኧረ በስመአብ፣ እኔ?» ይላል።

ሉቃስ 9 ላይ አንድ የሳምራውያን መንደር ኢየሱስን አላሳድርም አለ። ያዕቆብና ዮሐንስ ተናደዱ። ጌታ ሆይ፣ እሳት ከሰማይ ወርዶ እንዲያጠፋቸው እንዘዝ? አሉት። ጥቅስም ነበራቸው፤ ኤልያስ አድርጎታል። እሱ ግን ዘወር ብሎ ገሠጻቸው። የተገሠጹት መንደሩን የዘጉት ሰዎች አይደሉም፣ የራሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው። አንድ ምዕራፍ ብቻ አልፎ የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ይመጣል። ታሪኩ ሲያልቅ ባልንጀራ የሆነው ማን ነው ተብሎ የተጠየቀው የሕግ አዋቂ «ሳምራዊው» ማለት አቃተው። «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ ዞረበት። ስሙን ለመጥራት እንኳ አፉ አልታዘዘለትም። ምርጫ በመጣ ቁጥር ያ ሰው ትዝ ይለኛል። የሌላው ፓርቲ ሰው አንድ ደግ ነገር ቢሠራ በስሙ ጠርተን «እከሌ መልካም አደረገ» ለማለት ምን ያህል እንደምንቸገር።

ስም ማውጣት ከተነሳ በተራራው ስብከት ላይ ያለችውን ቃል ማለፍ አይቻልም። ወንድሙን «ጨርቃም» የሚል የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል ይላል የድሮው የአማርኛ ትርጉም። የመጀመሪያው ቃል «ራቃ» ነው፤ ባዶ፣ የማይረባ እንደ ማለት። እንዴት ያለች ቀላል ስድብ ናት! ዛሬ በማንኛውም ኮሜንት ሥር ከዚህ የባሰ በደቂቃ ውስጥ ታገኛላችሁ። ኢየሱስ ግን ያስቀመጣት «አትግደል» ከሚለው ትእዛዝ ሥር ነው። ቁጣ፣ ስድብና ግድያ ለእሱ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ናቸው።

ይህንን ማጋነን አድርገው የሚያነቡ አሉ። እኔም አነብበው ነበር። ከዚያ ስለ ሩዋንዳ ሳነብ ቆምኩ። በ1994 በመቶ ቀናት ገደማ ውስጥ 800,000 የሚጠጉ ሰዎች የተገደሉባት ሩዋንዳ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ክርስቲያን ነበር። ገዳይና ሟች አንድ ቤተ ክርስቲያን ያስቀድሱ ነበር። ንያማታና ንታራማ ውስጥ የሸሹ ሰዎች ያለቁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ከግድያው በፊትም በግድያው ጊዜም አርቲኤልኤም የሚባል ሬዲዮ ሙዚቃና ቀልድ እያቀላቀለ ቱትሲዎችን «በረሮ» ይላቸው ነበር። አድማጩ ይስቅ ነበር። ለሩዋንዳ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 በዚያ ሬዲዮና በአንድ ጋዜጣ ጀርባ በነበሩ ሰዎች ላይ ፈርዷል። የእኛ የአህያ ጆሮ በረሮ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሁለቱም የሚያስቁት የሚሰደበው ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ደግሞም ከሰው ወደ እንስሳ ያወርዳሉ።

አሁን ደግሞ ከሌላው ወገን ያለውን ጥያቄ ልውሰድ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ እሱ ይከብዳል። «በፍቅር ተናገሩ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካልተጎዳ ሰው ነው። የሚላከውም ለተጎዳው ነው። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ይጮኻል፤ አንዱ ከሩቅ ቆሞ «ድምፅህን ቀንስ» ይለዋል። ይህ ደግነት አይደለም። ኤርምያስ ሰላም ሳይኖር «ሰላም፣ ሰላም» እያሉ የሕዝቡን ስብራት ላይ ላዩን የሚያክሙ ካህናትን የወቀሰው ለዚህ ነው።

በ1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ በበርሚንግሃም እስር ቤት ሆኖ ደብዳቤ ጻፈ። የጻፈው ስምንት ነጭ የሃይማኖት መሪዎች በጋዜጣ የጥቁሮችን የመብት ሰልፍ «ጥበብ የጎደለውና ጊዜውን ያልጠበቀ» ብለው ስለነቀፉ ነው። ደብዳቤው «የአገልግሎት ወንድሞቼ» እያለ ነው የሚጀምረው። ቅን ፈቃድ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ ይላቸዋል። ከዚያ ግን አይራራም። ከፍትሕ ይልቅ ጸጥታን የሚመርጠው ለዘብተኛ ነጭ፣ ከግልጽ ዘረኞቹ ሳይብስ አይቀርም እስከ ማለት ይደርሳል። በጣም የሚያቆስል ቃል ነው። ግን አድራሻው ላይ ስማቸው አለ፤ መልስ እንዲሰጡ ይጠብቃቸዋል፤ አንድ ቀን በአካል ሊያገኛቸው ተስፋ እንደሚያደርግ እየነገራቸው ነው የሚያበቃው። ደግ ንግግር ማለት የማያቆስል ንግግር ከሆነ ይህ ደብዳቤ ይወድቃል። ደግ ንግግር ማለት ሰውየውን ወንድም ብሎ ጠርቶ እውነቱን ፊቱ ላይ መንገር ከሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ጀርመናዊው ፓስተር ዲትሪሽ ቦንሆፈርም አለ። ናዚዎች ቤተ ክርስቲያንን ሲጠመዝዙ ፊንከንቫልደ በሚባል ቦታ አዳዲስ አገልጋዮችን በሕገ ወጥ መንገድ ያሠለጥን ነበር። እዚያ ተማሪዎቹ አንድ ደንብ ነበራቸው። ስለ ወንድም፣ ወንድም በሌለበት አይወራም። ከተወራም ሄዶ ለራሱ መንገር ነው። የናዚ ሚስጥራዊ ፖሊስ ጌስታፖ በ1937 ትምህርት ቤቱን ዘጋው፤ ቦንሆፈርን በሚያዝያ 1945 ናዚዎች ሰቀሉት። አንደበቱን የገታ ሰው ፈሪ ነው የሚል ካለ ከዚህ ሰው ጋር ይከራከር።

አንዳንዴ አንደበታቸው በቅድስናም በስህተትም የሚታወቁ ሰዎች ናቸው ይበልጥ የሚያስተምሩኝ። በ387 የአንጾኪያ ሕዝብ በአዲስ ግብር ተቆጥቶ የንጉሥ ቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገለበጠ። ከዚያ ከተማዋ በፍርሃት ተሸበበች፤ ንጉሡ ምን ያደርግ ይሆን? ሽማግሌው ጳጳስ ፍላቪያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። ከተማው ውስጥ የቀረው ቄስ ዮሐንስ ደግሞ ጾሙን ሙሉ ሰበከ። እኛ አፈወርቅ የምንለው ነው። የሚገርመው የሰበከው ስለ ግብሩ ብቻ አይደለም። ስለ ሐሜት፣ ስለ መሓላ፣ ስለ አንደበት ነው። ከወፍና ከዓሣ ብትከለከሉ፣ ወንድማችሁን ግን ብትነክሱና ብትበሉ ጾሙ ምን ይጠቅማችኋል ይላቸዋል። ምሕረቱ ከፋሲካ ጋር ደረሰ።

እኚሁ አፈወርቅ በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ከንግሥት ኤውዶክስያ ጋር ተጋጩ። ንግግራቸው ስለታም ነበር። በ404 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰደዱ፤ በ407 በግዞት መንገድ ላይ አረፉ። ቃላቸው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ሊቃውንት ይከራከሩበት። እኔ የማየው ንግግራቸው ያስከፈለው ራሳቸውን መሆኑን ነው።

የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪውን ማርቲን ሉተርን ግን እንዲህ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። በ1529 ለቤተሰብ በጻፈው አጭር ትምህርት «በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ሲያብራራ፣ ባልንጀራህን መከላከል፣ ስለ እሱ በጎ መናገር፣ ነገሩንም ሁሉ በመልካም ጎኑ መተርጎም አለብህ ይላል። ስለ ሌላ ሰው መናገርን በተመለከተ ከዚህ ያማረ ብዙ አላነበብኩም። በ1543 ያው እጅ በአይሁድ ላይ እጅግ የከፋ ጽሑፍ ጻፈ፤ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ናዚዎች አነሱት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይህ ነው። የጻፈው ሞቶ ቃሉ ይሄዳል።

በሌላ ጎራ የነበረው የካቶሊኩ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላም በ1548 በታተመው የመንፈሳዊ ልምምድ መመሪያው መግቢያ ላይ ተመሳሳይ ነገር ጽፏል። አንድ ክርስቲያን የባልንጀራውን ቃል ከመኮነን ይልቅ በመልካም ለመተርጎም መፍጠን አለበት፤ ካልቻለ ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠይቀው። ዘመኑ በሃይማኖት የተሰነጠቀ ነበር፣ ሁለቱ ሰዎች የስንጥቁ ሁለት ጫፍ ላይ ነበሩ፤ በዚህ ነጥብ ላይ ግን ተገናኝተዋል። «ይጠይቀው» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ቆም ልበል። ለመጠየቅ ሰውየው መኖር አለበት። በሌለበት መጠየቅ አይቻልም።

ለምርጫ ሰሞን ግን እኔ የምይዘው የእንግሊዛዊውን የሜቶዲስቶች መሪ የጆን ዌስሊን ምክር ነው። ኦክቶበር 6 ቀን 1774 በብሪስቶል የመምረጥ መብት ያላቸውን የማኅበሩን አባላት አግኝቶ ሦስት ነገር እንደመከራቸው በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ይበልጥ ይገባዋል ለምትሉት ሰው ያለ ገንዘብና ያለ ጉርሻ ምረጡ። ባልመረጣችሁት ሰው ላይ ክፉ አትናገሩ። ሌላውን በመረጡት ሰዎች ላይ መንፈሳችሁ እንዳይሾል ተጠንቀቁ።

ይህ ምክር ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው በአደባባይ ነበር። ሚስጥራዊ ድምፅ በሕግ የመጣው በ1872 ነው። ማን ማንን እንደመረጠ ሁሉም ያውቃል፤ የመራጮች ስም ከምርጫቸው ጋር ታትሞ ሁሉ ይሸጥ ነበር። ማለትም የዌስሊ ሰዎች ልክ እንደ እኛ ነበሩ። እሁድ አጠገብህ የሚዘምረው ሰው ማንን እንደደገፈ ታውቃለህ። እኛም የምናውቀው በፕሮፋይሉ ነው። ሦስተኛው ምክር የሚያነሳው ፖለቲከኛውን አይደለም፣ አጠገብህ ያለውን መራጭ ነው። የሚያነሳውም ቃልህን አይደለም፣ መንፈስህን ነው። አፍህን ዘግተህ በውስጥህ ልትሾል ትችላለህና።

ዌስሊ ራሱስ? በዓመቱ በ1775 ስለ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች «የረጋ» የሚል ቃል ርእሱ ላይ ያለበት የፖለቲካ ጽሑፍ አውጥቶ የስድብ ናዳ ወረደበት። ሰው ነው።

የራሴን ደግሞ ልናገር። ባለፈው አንድ አጭር ቪዲዮ ደረሰኝ፣ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። እኔ የማልደግፈው ወገን ሰው በአንድ ስብሰባ ላይ ጆሮ የሚያስይዝ ነገር ሲናገር ያሳያል። አላመነታሁም። «ይኸው፣ ራሱ ተናገረው» ብዬ አጋራሁት። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አውራ ጣትም እንደዚያው ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሙሉውን አየሁት። ሰውየው ያንን ዓረፍተ ነገር የተናገረው «እንዲህ የሚሉ አሉ» ብሎ፣ ሊቃወመው ነበር። ምሳሌ 18 መጀመሪያ የተናገረ ሰው ባልንጀራው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ ትክክል ይመስላል ይላል። ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው መጀመሪያ ተናገረ፤ እኔም መርማሪውን አልጠበቅኩም።

ጳውሎስ በሐዋርያት ሥራ 23 ሸንጎ ፊት ቆሞ፣ አፉን በጥፊ እንዲመቱት ያዘዘውን ሰው «አንተ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ» አለው። ፍርዱ ያለ ሕግ ነበር፣ ስድቡም ያን ያህል ከእውነት የራቀ አልነበረም። ሰዎቹ የእግዚአብሔርን ሊቀ ካህናት ትሰድባለህን? ሲሉት ግን ወዲያው መለሰ። ሊቀ ካህናት መሆኑን አላወቅኩም ነበር አለ። በሕዝብህ አለቃ ላይ ክፉ አትናገር የሚለውን ከኦሪት ራሱ ጠቀሰ፤ በራሱ ላይ። «ግን እሱም እኮ አስመታኝ» አላለም። ስድቡ የተሰማው ሸንጎው ፊት ነበር፣ ማረሚያውም እዚያው ሸንጎ ፊት ሆነ።

ስለዚህ ቪዲዮውን አጥፍቼ ዝም ማለት እንደማይበቃ ገባኝ። ማጥፋት ቀላል ነው፤ ማንም አያይህም። ሦስት መስመር ጻፍኩ። ቪዲዮው የተቆረጠ ነው፣ ሰውየው ያለው የዚህን ተቃራኒ ነው፣ ሳላጣራ በማጋራቴ ይቅርታ። ቪዲዮውን አሥራ አንድ ሰው ከእኔ ወስዶ አጋርቶት ነበር። ማስተካከያውን ያጋራው አንድ ሰው ነው። አንዱ ደግሞ በውስጥ መስመር «ምን ሆነሃል፣ ወገን ቀየርክ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ።

በዚያው ሳምንት ከጥናት ግሩፓችን ለወጣችው እህት ጻፍኩላት። ስለ አህያው ጆሮ፣ እኔም እንደሳቅኩ። ብዙ ቀን አልመለሰችም። ማየቷን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ግን ነበሩ። በሳምንቱ አንድ መስመር መጣ።

«ጥናቱ አሁንም ሐሙስ ነው?»

ሐሙስ ነው አልኳት።